ባዶ የተባሉት ኮምፒውተሮች

ቡታጅራ የሄድኩት ኮምፒውተር እንዳስተምር ተመድቤ ነው። ከደብረ ታቦር ወጥቼ አዲስ አበባን አልፌ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር። ትምህርት ቤቱ በእርዳታ ያገኛቸው ኮምፒውተሮች አንድ ክፍል ውስጥ ላስቲክ ለብሰው ተደርድረዋል። ማንም አይነካቸውም። የለመድነው ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ የሚባለው ተጭኖባቸው ስለመጣ፣ አስተማሪዎቹ አንዴ ከፍተው አዩና «ባዶ ናቸው» ብለው ትተዋቸዋል።

ሥራ እንደጀመርኩ ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝ።

«መናኸሪያው አጠገብ ያለው ባለሱቅ ሁሉንም ደምስሶ አዲስ ሊጭንልን ነው። እስከዚያ አንቺ ውስጣቸውን እዪልኝ። የሚጠቅም ነገር ካለ አብሮ እንዳይጠፋ።»

ሊኑክስን እኔም ኮሌጅ ሳለሁ በስም ነበር የማውቀው። ወልቂጤ ተመድቦ ለሚሠራ የክፍል ጓደኛዬ ደወልኩ።

«ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ክፈቺ» አለኝ። «ዲ፣ ፒ፣ ኬ፣ ጂ ብለሽ ጻፊ። ክፍት ቦታ ተዪ። ሰረዝ፣ ከዚያ ትንሿን ኤል። ኢንተር በዪው።»

«ምን ይሆናል?»

«የተጫነበትን በሙሉ ይነግርሻል። ስለ አንዱ ብቻ ማወቅ ስትፈልጊ ደግሞ ኤሏን በኤስ ቀይሪና የፕሮግራሙን ስም ጨምሪበት።»

ኢንተር አልኩት። ማያው ከላይ እስከ ታች በጽሑፍ ሞላ። ወደ ታች ወረድኩ፤ አያልቅም። አሁንም ወረድኩ፤ አያልቅም። እያንዳንዱ መስመር የአንድ ፕሮግራም ስምና የሥራውን ዓይነት የሚናገር አጭር ቃል ይዟል። ባዶ የተባለው ማሽን!

አንዱን መረጥኩና በኤስ ጠየቅኩት። ምን ያህል ቦታ እንደያዘ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ለመሥራት የነማን እርዳታ እንደሚያስፈልገው ዘረዘረልኝ። ፎቶ የሚከፍት አንድ ተራ ፕሮግራም ስንቱን ሌላ ተደግፎ እንደቆመ ሳይ ገረመኝ። የተደገፋቸውንም ጠየቅኩ፤ እነሱም ሌሎችን ተደግፈዋል። ከአንዱ ወደ አንዱ ስል ምሳዬን ረሳሁ። የእኛን ፊደል አሳምሮ የሚያሳይ እንኳ ነበረበት። በየአንዳንዱም ላይ የሚንከባከበው ሰው ወይም ቡድን ስም ተጽፏል። ቡታጅራ የምትባል ከተማ መኖሯን የማያውቁ ሰዎች ሠርተው፣ እንካችሁ ብለው ሰጥተውናል። ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ስማቸውን አንድ በአንድ አነበብኩ።

እንዲህ ሳነብ ነው አንዱ ዘንድ የደረስኩት። «ማየት ለተሳናቸው፣ ማያው ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ተነስቼ ወደ መምህራን ማረፊያ ሮጥኩ።

እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ዓይነ ስውር መምህር ነበሩን። የዚያው አካባቢ የመስቃን ሰው ናቸው፤ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ ምንም አይቀራቸው። ፈተና በደረሰ ቁጥር ጸሐፊዋ ዘንድ ተቀምጠው ጥያቄዎቻቸውን በቃል ይነግሯታል፤ እሷ ትተይባለች። መግቢያ በር ላይ ሰው የቆመ ከመሰላቸው ጥያቄው እንዳይሰማ ንግግራቸውን ያቋርጣሉ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ መምህር» አልኳቸው፤ ሰላምታውን ከእሳቸው ነው የለመድኩት።

«ወአለይኩም ሰላም። እህቴ፣ ምነው ታለከልኪያለሽ?»

«ይምጡ፤ የማሰማዎት ነገር አለ።»

ክንዴን ይዘው መጡ። የጆሮ ማዳመጫውን አደረግኩላቸውና ፕሮግራሙን አስነሳሁት። ድንገት ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ማነው?»

«ማሽኑ ነው። የተጻፈውን እያነበበልዎት ነው።»

«የት አገር ሰው ነው? እንግሊዝኛው ከእኔ ይብሳል!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ቆመ። ጣታቸውን ይዤ አንድ ፊደል ላይ ጫንኩት፤ ድምፁ የፊደሉን ስም ጠራ። ሌላውን ራሳቸው ጫኑ፤ ጠራ። ስማቸውን ፊደል በፊደል ጻፉ። ድምፁ መልሶ ሲያነብላቸው ሁለቱንም እጃቸውን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ አነሱ።

«አማርኛስ ያውቃል?» አሉ።

ሞከርነው፤ አንዱንም ቃል በቅጡ አልጠራው።

«ግድ የለም፤ እኔም አማርኛ የለመድኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። እሱም ይደርስበታል። ለመሆኑ ይሄን የሠራው ማነው?»

የሚንከባከበው ስም የተጻፈበትን መስመር አነበብኩላቸው። ስሙ ለአፌ አስቸገረኝ። ደግመው አስነበቡኝና እጃቸውን ዘርግተው «ያረቢ፣ ጤናና ዕድሜ ስጣቸው» አሉ። «አሚን» አሉ እሳቸው፤ «አሜን» አልኩ እኔ።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩን ይዤ መጣሁ። መምህሩ የተጻፈላቸውን ሲያዳምጡ፣ መልሰው ሲጽፉ ርዕሰ መምህሩ ቆመው አዩ። ለባለሱቁ እንዳይመጣ ስልክ የደወሉት እዚያው ሆነው ነው።

የዚያ መንፈቅ ፈተና መምህሩ ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው አዳምጠው አረሙት። ወረቀቱን ከማተሚያው ሲቀበሉ ገና ትኩስ ነበር፤ ጉንጫቸው ላይ አስጠጉት።

ያቺን የዝርዝር ትእዛዝም ለምደዋት ነበር። ትርፍ ጊዜ ሲያገኙ እንደ ሬዲዮ ይከፍቷታል፤ ድምፁ የፕሮግራሞቹን ስም እየጠራ ይወርዳል፣ እሳቸው ይሰማሉ። አንድ ቀን ማስተማሬን ጨርሼ ስገባ ማዳመጫውን ከጆሯቸው ነቅለው ወደ እኔ ዘረጉት።

«እህቴ፣ ብሬል አለ ይላል! በጣት የሚነበበው የእኛ ጽሑፍ! አንቺ አላየሽውም?»

አላየሁትም ነበር። ጠጋ ብዬ አነበብኩ። ማያው ላይ ያለውን ወደ ብሬል የሚቀይር ነው፤ ግን ጣት የሚያርፍበት የራሱ መሣሪያ ያስፈልገዋል። መሣሪያው እንኳን ቡታጅራ፣ አዲስ አበባም መኖሩን አላውቅም። ይህንኑ ነገርኳቸው።

ያዝናሉ ብዬ ነበር።

«ይሁን» አሉ፤ ፊታቸው እንዳበራ። «ዋናው አስበውናል። እስቲ መልሺልኝ፤ ከእሱ በኋላ ምን እንደሚመጣ ልስማ።»

ማዳመጫውን መለስኩላቸው።