ዳባት ላይ የተከፈቱት ስፒከሮች

ቅዳሜ ንጋት፣ 11፡30፣ ጎንደር

ከአራዳ ወደ አውቶቡስ መነኻሪያ ስወርድ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። በአንድ እጄ የይለፍ ወረቀት፣ በሌላው የመሣሪያ ቦርሳዬን ይዣለሁ። ሬዲዮና ስፒከር ስጠግን ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ፤ በዚህ ከተማ የተበላሸ ድምፅ ሁሉ አንድ ቀን የሱቄን ደጃፍ ይረግጣል። እየጎረርኩ ነው፤ አልክድም።

የምሄደው ዳባት ነው። ደብዳቤ የጻፈልኝ የዚያ ቀበሌ ነው፤ ያስጠሩኝ ግን አቶ ይርሳው የሚባሉ ጡረታ የወጡ የክሊኒክ ድሬሰር ናቸው። ከቀበሌው አዳራሽ አራት ስፒከሮች ሁለቱ ጠፉ። ቤት ለቤት ሲፈተሽ አቶ ይርሳው ዘንድ የአዳራሹ ስፒከሮች ፋብሪካ ስም ያለባቸው ሁለት ተገኙ። ሰውየው ድሮ አስመራ ሲሠሩ የገዟቸው መሆኑን ቢናገሩም ደረሰኝ የላቸውም። በ1972 ዓ.ም. የሕዝብ ንብረት ሰርቀሃል መባል ምን ማለት እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። እሳቸው የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ባለሙያ መጥቶ ይያቸው።

12፡20፣ ኬላ

ወታደሩ ቦርሳዬን ከፍቶ የኤሌክትሪክ መለኪያዬን አወጣ።

“ይሄ ምንድን ነው ጓድ? መገናኛ ሬዲዮ ነው?”

“መለኪያ ነው።”

“ታዲያ ምነው ሽቦ በዛበት?”

“ሽቦው ከሌለ በምን ይለካል ልጄ?”

ተሳፋሪው ሳቀ። ወታደሩም ሳቁን እየዋጠ መለኪያዬን መለሰልኝ።

1፡30፣ ኮሶዬ

ገደሉ ከመንገዱ ጠርዝ ይጀምራል። ቆላው በጉም ተሸፍኗል፤ በወዲህ በኩል የገብስ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ፣ ጋቢ የደረቡ ገበያተኞች። ሾፌሩ አያ ደርሶ የምሄድበትን ጉዳይ ከሰማ ጀምሮ አላስቀመጠኝም።

“የስፒከር ዕድሜ ይታወቃል ነው የምትለኝ?”

“የፈረስ ዕድሜ በጥርሱ ይታወቅ የለም እንዴ አያ? የስፒከር ደግሞ በጀርባው ይታወቃል። ፊቱ ላይ ያለውን ስም ማንም ይለጥፈዋል። እኔ የማየው የማግኔቱን ቅርጽ፣ ድምፅ የሚያወጣው ወረቀት ዳሩ ጨርቅ ይሁን ስፖንጅ፣ ከኋላ ደግሞ ፋብሪካው የመታውን ቁጥር ነው።”

“ሸጋ ነው! ማኪናዬንም በጀርባዋ እይልኝና ስንት ዓመት እንደቀራት ንገረኝ።”

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ትኩስ የገብስ ዳቦ በሻይ በላን። ዳቦው ሸጋ ነበር፤ እኔ ግን የአቶ ይርሳውን ነገር እያሰብኩ ግማሹን ተውኩት።

4፡10፣ ዳባት

አዳራሹ ውስጥ አቶ ይርሳው የኮታቸውን ቁልፍ እስከ አንገት ቆልፈው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ስፒከሮቹ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ካኪ የለበሰው ወጣቱ ሊቀመንበር አንዱን አስቀድሞ ከፍቶታል።

“በከንቱ አደከምንህ ጓድ። ይኸው፣ ማግኔቱ ላይ 27፣ ቀጥሎ 68 ይላል። አዳራሹ ስፒከር የገዛው በ68 ነው። ፋብሪካው ራሱ መሰከረ!”

ቁጥሩን አየሁት። ሳቄ መጣ፤ ነገር ግን በቀበሌ አዳራሽ ሊቀመንበር ላይ አይሳቅም።

“ይህን የመታው ፋብሪካ ባሕር ማዶ ነው” አልኩት፤ “መስከረም መቼ እንደሚጠባ አያውቅም። 68 ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 27ቱም የዓመቱ ሃያ ሰባተኛ ሳምንት ነው። በእኛ የ1960 ሰኔ መጨረሻ መሆኑ ነው።”

“ማን ይመሰክራል?”

“ግድግዳው ላይ የቀሩትን ሁለቱን አውርዱልኝ።”

ፊቱ ጠቆረ። በመጨረሻ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀና ስፒከሮቹ ወረዱ። ካቻቢቴዬን አውጥቼ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። የአዳራሹ ማግኔት ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ የወረቀቱ ዳር ስፖንጅ ነው፣ ስነካው ተፈረፈረ። የአቶ ይርሳው ግን ማግኔቱ ትንሽ፣ ዳሩም ጠንካራ ጨርቅ ነው፤ የድሮ ሥራ። ከዚያ የአዳራሹን ቁጥር ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ “09፣ 75።”

“75?” አለ ሊቀመንበሩ።

“75። ዛሬ ስንት ነው ጓድ?”

“72።”

“እንግዲህ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ፣ እዚህ አራት ዓመት የተሰቀለው ስፒከር ገና ከሦስት ዓመት በኋላ ይሠራል ማለት ነው።”

ከኋላ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሊቀመንበሩ ቁጥሮቹን ደጋግሞ አየ። የጠፉት ሁለቱ የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እነዚህ እንዳልሆኑ ግን እሱም ገባው።

“ጥሩ” አለ ቀስ ብሎ። “አቶ ይርሳው፣ ንብረትዎን ይውሰዱ።”

“አልወስድም” አሉ።

ሰውየው ብድግ ብለው ኮታቸውን አስተካከሉ።

“ከቤቴ ስታወጧቸው የገበያ ቀን ነበር። ሕዝብ እያየ ወጡ፤ ዛሬም ገበያ ነው፣ ሕዝብ እያየ ይመለሱ። እኔ ግን አልሸከምም።”

ሊቀመንበሩ በመስኮት ወደ ገበያው ተመለከተ። ከዚያ ቆቡን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረና አንዱን ስፒከር ብድግ አደረገው። ሁለተኛውን እኔ አነሣሁ።

5፡40፣ ገበያው መሃል

አቶ ይርሳው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ገብስ ሰፋሪው ቁናውን ይዞ ቆመ፤ በግ የሚጎትተው ገመዱን ረሳው። “እሰይ አያ ይርሳው!” አሉ አንዲት ሴት። በዕድሜዬ ስንቱን ስፒከር ተሸክሜያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ደረቴ ተነፍቶ አያውቅም። በሙያዬ ኮራሁ፤ በሰውየው ደግሞ ይበልጥ ኮራሁ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። እንባ አልነበራቸውም። ሊቀመንበሩ እያላበው ገባና ስፒከሩን ከበሩ አጠገብ ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ።

“እዚያ አይደለም ልጄ” አሉት ወይዘሮ ጥሩወርቅ። “ያ የግራው ስፒከር ነው። ካነሣኸው ቦታ መልሰው።”

ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ክፍሉን ተሻግሮ ሄዶ በግራ በኩል አስቀመጠው፤ አቧራውንም በእጅጌው ጠረገለት።