በሩ ወደ ሐይቁ የሚከፈት ክፍል

ይርገዱ ኮሶዬ ላይ፣ በደባርቅ መንገድ ዳር፣ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። ሾፌሮች ለሽሮዋ ሲሉ መኪና ያቆሙ ነበር። ዕድሜዋ ሲገፋ ብርዱ ደረቷ ውስጥ ገባና ሳል አላስቀምጥ አላት። ጎንደር ያያት ሐኪም «ውርጩ ሳይመጣ ሞቅ ወዳለ አገር ውረጂ» አላት።

ልጇ ሄለን እዚያው ጎንደር፣ አራዳ ትኖራለች፤ እሷም ባሏም የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። ይርገዱ ክረምቱን እነሱ ዘንድ ከረመች። የምትተኛው ሳሎን ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ፍራሿን ጠቅልላ ከሶፋው ጀርባ ታቆምና እንግዳው እስኪወጣ ጓዳ ትቀመጣለች። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። መስከረም ሲጠባ ግን «ራሴ የምከፍተው፣ ራሴ የምዘጋው በር እፈልጋለሁ» አለች። ሄለን አኮረፈች፤ ቢሆንም ብርድ ልብሷንና ድስቷን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጠረችላት።

ይርገዱ ጎርጎራን የምታውቃት ለንግሥ ወርዳ ነው። ጣና ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ኪሩ የሚባል ወሬኛ ደላላ፣ ዱሮ ጀልባ ይነዳ ወደነበረው ወደ አያ አዳሙ ግቢ ወሰዳት። የሚከራየው አንድ ክፍል ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ በሩ ሰማያዊ ሆኖ ወደ ሐይቁ ይከፈታል። ይርገዱ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች። ደረቅ ነው።

«ሸጋ ነው» አለች።

«ከማን ጋር ነሽ?» አለ አዳሙ።

«ብቻዬን።»

ይህን እንዳለች ሳሉ ጀመራት። አዳሙ እስኪበርድላት ጠበቀና «እድርሽ የት ነው?» አላት።

«ኮሶዬ።»

«የኮሶዬ እድር ድንኳን ተሸክሞ እዚህ ድረስ ሊወርድልሽ ነው?»

«ኧረ አያ አዳሙ!» አለ ኪሩ። «እማማ ልትኖር እንጂ ልትሞት መጣች እንዴ?»

«ያኛውም ልኖር ነው ብሎ ነበር የመጣው።»

ያኛው የበፊቱ ተከራይ ነው። እድር የሌለው ሽማግሌ ነበር፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ሞተ። አዳሙ ድንኳን ለምኖ፣ መቃብር ቆፋሪ ለምኖ ቀበረው። ከዚያ ወዲህ እድር ለሌለው ሰው ላያከራይ ምሏል።

«የዚህን አገር እድር ግቢና ነይ፤ ቁልፉ ያንቺ ነው» አላት።

የእድሩን ዳኛ አያ ተክለ ጊዮርጊስን ደጃፉ ላይ መረብ ሲጠግን አገኙት። ሰምቷት ሲያበቃ «እኛ የምንመዘግበው ቤት ያለውን ነው። ቤትሽ የቱ ነው?» አለ።

«ባለቤቱ እድር አምጪ አለኝ።»

«እድሩ ደግሞ ቤት አምጪ ይላል» ብሎ ሳቀ። ወዲያው በሳቁ አፈረና ውሃ አስመጣላት። «ምን ላድርግሽ እቴ፤ ደንቡ ነው።»

ኪሩ ከረጢቱን ተሸክሞ ወደ አውቶቡሱ መለሳት። «ልጅሽ ዘንድ ምን ጎደለብሽ? እኔን ብትወልጅ ኖሮ እንኳን ሳሎን፣ ደጅ ነበር የማስተኛሽ» አላት።

«አንተንማ ብወልድ መጀመሪያ ሐይቁ ውስጥ እገባ ነበር።»

ገና ወንበር ከመያዟ የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። አንዲት የከተማዋ ሴት ሞታለች። ሱቆች ይዘጉ ጀመር። ኮሶዬ እያለች ጥሩንባ ሲነፋ ድስቷን ከእሳት አውርዳ ነበር የምትወጣው። አሁንም ተነሣች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወረደች።

«እማማ፣ መኪናው ይሄዳል!» አለ ኪሩ።

«ይሂድ።»

ለቅሶ ቤት ስትደርስ ሴቶቹ ጓሮ ንፍሮ ጥደው ነበር። እሳቱ ሲደክም አየችና ቁጢጥ ብላ እንጨቱን አስተካከለች። ጭሱ አሳላት፤ ግን አልተነሣችም። ሴቶቹ ከደጋ የመጣች ዘመድ መሰለቻቸው። አንዷ አቅፋት «አይዞሽ፤ እህትሽ ናት?» አለቻት።

«ኧረ አላውቃትም።»

«ታዲያ ምነው መጣሽ?»

«ጥሩንባ ተነፋ እኮ!» አለች ይርገዱ፣ ጥያቄው ገርሟት።

ወሬው ከቀብር መልስ ወንዶቹ ከተቀመጡበት ድንኳን ደረሰ። ተክለ ጊዮርጊስና አዳሙ አንድ አግዳሚ ላይ ነበሩ።

«ቁልፉን ስጣት» አለ ዳኛው።

«አንተ መጀመሪያ አስገባት።»

«ቤት ሳይኖራት?»

«እድር ሳይኖራትስ?»

በሹክሹክታ ሲነታረኩ ይርገዱ የንፍሮውን ሰፌድ ይዛ ፊታቸው ቆመች። አዳሙ ንፍሮውን ዘገነ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰፌዱ ጠርዝ ላይ አኖረ።

«እንግዲህ ቤት አላት» አለ።

«ገብታለቻ!» አለ ተክለ ጊዮርጊስ፣ እሱም እየዘገነ።

ይርገዱ ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ንፍሮውን ማደል ቀጠለች።

አውቶቡሱ ሄዷል። ኪሩ መንገድ ዳር ከረጢቷ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ከዚያ ወዲህ ሳሏ ጨርሶ ባይተዋትም ቀንሶላታል። ሰማያዊው በር የሐይቁ እርጥበት ስለሚያሳብጠው አልዘጋ ይላል። አዳሙ «ልላገው» ሲላት እንቢ አለች። ማታ ማታ በትከሻዋ ገፍታ ትዘጋዋለች።