የዘይት እጥበት

ከደቡብ ህንዷ ማዱራይ ከተማ በተነሳው አውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ በዚያ ሙቀት ይንቀጠቀጡ ነበር። ከሽበታቸው ዘይት ይንጠባጠባል፤ ነጭ ሽርጣቸው ግን ሠርግ እንደሚሄድ ሰው በጥንቃቄ ታጥፏል።

«አሞዎታል እንዴ አባቴ?» አልኳቸው።

«ልጆቼ ትናንት ዘይት ቀብተው በቀዝቃዛ ውሃ አጠቡኝ፤ የኮኮናት ውሃም ጋቱኝ። በመንደራችን ሸክም የሆነ ሽማግሌ የሚሸኘው እንዲህ ነው። ሌላው በአንድ ቀን ይሞታል፤ እኔን እምቢ አለኝ። ዛሬ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ዘመድ ቁጭ ብዬ ሲያየኝ አፈርኩና ወጣሁ።»

ደሜ ፈላ። «ይነሱ፣ ፖሊስ ጣቢያ ልውሰድዎት!»

ሳቁብኝ።

«ምን ብዬ ልክሰስ ልጄ? እኔም አባቴን በእነዚህ እጆቼ አጥቤያለሁ። እሱ ግን ጨዋ ሰው ነበር፤ ምሳ ሳይደርስ ሞተልኝ።»