በጥላ የሚደርቅ ቆዳ

ሰፈሩ «ሐኪሟ» ይላታል። ነጭ ጋዋን ለብሳ አታውቅም፤ የምታክመው የተቀደደ ከበሮ ነው። «ሐኪሟ፣ ሆዴ ተነፍቷል፣ እስቲ መታ መታ አርገሽ እዪልኝ» እያሉ የሚያላግጡባት ሥራ ፈቶች ከሱቋ ደጃፍ አይጠፉም ነበር። እሷም መልስ አታጣም። «ያንተስ ባዶ ስለሆነ ነው የሚጮኸው፣ ደህና ነህ» ትላለች። ይህ ግን ድሮ ነው። ፊቱ ፕላስቲክ የሆነ ከበሮ ገበያውን ከያዘ ወዲህ ሥራ ፈቶቹም ሌላ ደጃፍ አገኙ።

ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ነው። አባትየው ሊያስተምር ያሰበው ወንድ ልጁን ነበር፤ ልጁ ግን ከበሮ መምታት እንጂ መጠገን አልሆነለትም፣ ቆዳ ሲፋቅ ሽታው ያቅለሸልሸዋል። ስለዚህ እሱ ሲመታ እሷ ስትጠግን ኖሩ። ታላቋ ነውና ጋሼ ትለዋለች። መድረክ ላይ ሲጨበጨብለት እሷ ከኋላ ቆማ የምትሰማው ቆዳውን ነበር፤ ረገበ፣ ከረረ፣ እርጥበት ነካው እያለች። አላገባችም። ለምን ሲሏት «እጄ ፍየል ፍየል እየሸተተ ማን ይጠጋኛል?» ብላ ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከጥርስ አያልፍም።

አምና ጋሼን ስትሮክ ጣለው። ምላሱ ተያዘ፣ ግራ እጁ በድን ሆነ። ቀኙ ደህና ነው ቢባልም ማንኪያ እንኳ ሲሰጡት ይጥለዋል። ሐኪም ቤቱም የተቻለውን አድርጎ ወደ ቤቱ ሸኘው። አንድ ቀን ሚስቱ የድሮ ከበሮውን ጭኑ ላይ ብታስቀምጥለት ያ እጅ ነፍስ ዘራ። አውራ ጣቱ ከብዙ ዓመት ምት የጠቆረችውን ቦታ ፈልጎ አገኛትና ቀስ ብሎ መታ። ሚስትየው እየሮጠች ሐኪሟ ሱቅ መጥታ «እታለም፣ መጣልን! መጣልን እኮ!» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ከበሮው ጭኑ ላይ እስካለ ድረስ ማንኪያም ይይዛል፣ የሰው እጅም ይጨብጣል። ከበሮው ሲነሣ እጁ ይሞታል። ሌላ ከበሮ ቢሰጡት ግን እጁ ንቅንቅ አላለም።

ችግሩ ቆዳው አርጅቷል። ጠርዙ ላይ ተሰንጥቆ ረግቧል፣ ድምፁም ታፍኗል። ጋሼ እየመታ ይቆምና ፊቱን ይቋጥራል፤ ምቱም ቀን በቀን እየቀነሰ መጣ። የከበሮው ባለቤት ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ሐኪሟ «ይሄ አልቆለታል፣ ልቀይርልህ» ትል ነበር። ለወንድሟ ይህን ማለት አቃታት። ያቺ የጠቆረች ቦታ ያለችው በዚህ ቆዳ ላይ ብቻ ነው።

መሣሪያዋን ይዛ እነሱ ግቢ ሄደች። ጠፍሩን ፈታች፤ ቆዳውን ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ አራሰችው፤ ሲለሰልስ ስንጥቁን ከውስጥ በስስ ቆዳ ለጥፋ መልሳ ወጠረችው። ከዚህ በኋላ የሚሠራው ትዕግሥት ነው። እርጥብ ቆዳ በጥላ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ቀስ እያለ ይደርቃል። ከቸኮለ ይኮማተርና ራሱን በራሱ ይተረትራል። በዚህ ጊዜ ጠጋኞች ቆዳው «ተኝቷል» ይላሉ። በአባቷ ቤት የተኛ ቆዳ ካለ በዚያ በኩል ማንም ዝር አይልም ነበር።

ከበሮውን በረንዳው ጥግ፣ የጋሼ መኝታ ቤት በር አጠገብ አስቀምጣ ተጨማሪ ጠፍር ልታመጣ ወጣች። ከግቢው በር ላይ ዘወር አለችና፣

«እትዬ፣ ተኝቷል። እንዳትነኪው፣ መጣሁ» አለች።

«እሺ፣ ይተኛ» አለች የወንድሟ ሚስት።

እሺ ያለችው ስለ ባሏ ነው። ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ገና አሁን አሸልቧል። የመኝታ ቤቱን በር ገርበብ አደረገች፣ ኮቴዋ እንዳይሰማ ጫማዋን አወለቀች። ቀና ስትል ከበሮው ጥላ ውስጥ እንደራሰ ነው። ባሏ ሲነቃ ደርቆ ቢጠብቀው ደስ እንደሚለው አሰበችና ጨርቁን ገፍፋ ግቢው መሃል ፀሐይ ላይ አወጣችው።

ሐኪሟ ስትመለስ ድምፁን የሰማችው ከአጥሩ ውጭ ሆና ነው። ጷ! አለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ምን እንደሆነ ለመገመት ማየት አላስፈለጋትም። ገብታ ስታይ ቆዳው የጠቆረችውን ቦታ ለሁለት ከፍሎ ተቀዷል።

«እንዳትነኪው አላልኩሽም?»

«ኧረ አልነካሁትም! በሩን እንኳ አልከፈትኩ፣ እንደተኛ ነው!»

ተያዩ። ሐኪሟ ልትጮኽባት ፈለገች። ምን አጠፋሽ ትበላት? የነገረቻትን ፈጽማለች። ሚስትየው ነገሩ ሲገባት መሬት ላይ ዘጭ ብላ ፊቷን በቀሚሷ ሸፈነች። ሐኪሟ ልታባብላት ይገባት ነበር፤ ግን በሷም በራሷም እየነደደች፣ ቆማ ቀረች።

መሃሉ የተቀደደ ቆዳ አይጠገንም። አዲስ ወጠረች። ከድሮው ጋር በውፍረት የሚቀራረበውን መርጣ፣ በጥላ አስተኝታ፣ እስኪደርቅ ራሷ ከአጠገቡ አልተነሣችም። በዘይትና በጥላሸት ጠቆር ያለች ቦታም ሠራችለት። ወንድሟን እንደ ሕፃን ማታለሏ አሳፈራት፣ ቢሆንም ሠራችው።

ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። አውራ ጣቱ ዳበስ ዳበስ አድርጎ ጥቁሯን ቦታ አገኛት። ሁለቱ ሴቶች ጠጋ አሉ። ጋሼ አንድ ጊዜ መታ፤ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ድምፁ እስኪያልቅ አዳመጠ። ከዚያ ከበሮውን በመዳፉ ቀስ አድርጎ ወደ እህቱ ገፋላት፤ በስሕተት ቤቱ የመጣን የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው፣ በትሕትና።

«ጋሼ፣ ያንተ ነው እኮ» አለችው።

እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱም እጆቹ እኩል በድን ሆኑ።