አራተኛው ቀጠሮ

በዚያ ጠዋት አስራ አራተኛ ፎቅ፣ እማማ ሳሎን ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። እማማ ራሳቸው፣ ነጠላቸውን ለብሰው ሶፋው ጥግ ላይ። ጋሼ ከዘጠነኛ ፎቅ፣ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ፣ ከእሳቸው ጎን። አየርላንዳዊው ሽማግሌ ከአስራ አንደኛ ፎቅ፣ ወንበሩ አንሷቸው መስኮቱ አጠገብ። እኔ ከሰባተኛ ፎቅ፣ ላፕቶፑ ፊት። ስማችንን የማልጽፈው እማማ አይጻፍ ስላሉ ነው። ችሎቱ በኢንተርኔት ስለሆነ፣ ስክሪኑ ላይ ደግሞ ዳኛዋና የአከራዩ ጠበቃ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሬሰንት ታውን ሰፈር ያለው ሕንጻችን አከራይ ሊፍቱን በአዲስ ቀይሬዋለሁ ብሎ፣ በየዓመቱ ከሚፈቀደው በላይ የኪራይ ጭማሪ ጠየቀ። ተፈቀደለት። እኛም ሊፍቱ ቀለም ተቀባ እንጂ አልተቀየረም፣ አሁንም ይቆማል ብለን ይግባኝ አልን። ውሳኔ እስኪሰጥ ጭማሪው ታገደ። ከጸና ግን እማማ በጡረታቸው አይችሉትም፤ ቤታቸውን ለቀው ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሬክስዴል፣ ልጃቸው ዘንድ መግባታቸው ነው።

«የሰው ቤትማ አልገባም» ይላሉ።

«ልጅዎ እኮ ነው፣ እማማ» እላለሁ።

«ሚስት አለችው።»

ይግባኙ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀ። በተቀጠርን ቁጥር ጠበቃው ሰነድ አልተሟላልኝም እያለ ያራዝመዋል። ስንጀምር ሃያ ስድስት ቤተሰብ ነበርን። አንዱ ቤት ቀየረ፣ ሌላው የሥራ ፈረቃው አልመች አለው፣ የቀረው ሰለቸው፤ አራት ቀረን። አየርላንዳዊው ሽማግሌ ግን አልተገረሙም። ድሮ በአገራቸው የአያታቸው አባት የእርሻ መሬት ኪራይ ይቀነስልኝ ብለው ከሰው ተፈርዶላቸው ነበር። ባለመሬቱ ይግባኝ አለ። መዝገቡ ዓመታት ተራ ሲጠብቅ ኖሮ ስማቸው ሲጠራ፣ እሳቸው ከተቀበሩ ቆይቶ ነበር። ጋሼ ይህን ሲያስተረጉሙላቸው እማማ አማተቡ።

«እኔስ አልሞትላቸውም፣ በልልኝ።»

ማስረጃችን የእማማ ደብተር ነበር። አስራ አራት ፎቅ በደረጃ የሚወርዱበት ጉልበት ስለሌላቸው፣ ሊፍቱ ሲቆም ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይቀርባቸዋል። የቀሩበትን ቀን ይጽፋሉ፦ የጥቅምት አቦ፣ ሊፍት የለም። የኅዳር ሚካኤል፣ ሊፍት የለም። እኔ ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጬ በሠንጠረዥ አስገባኋቸው። እንዲህ ያለ ሥራ ማንም አላስተማረኝም፤ ከላይብረሪ መጽሐፍ እየተዋስኩ ነው የለመድኩት። ሦስት ጊዜ አይቼው ነበር፣ ያውም መስመር በመስመር፣ ማስመሪያ ይዤ።

በሦስተኛው ቀጠሮ ጠበቃው ሠንጠረዤን ከፍ አድርጎ አሳየ። «በዚህ እሁድ ሊፍቱ ቆሞ ነበር ይላሉ። ያን ቀን አንድም ብልሽት አልተመዘገበም። ይህ ፈጠራ ነው።» ሙሉውን የጥገና መዝገብ አምጥቼ አሳያለሁ ብሎ እንደገና ጊዜ ጠየቀ፤ ተሰጠው። እማማ ቀና ብለው አላዩኝም። ከዚያን ቀኑ የባሰ ምሳ በልቼ አላውቅም።

በማግስቱ ዝርዝሩን ይዤ እሳቸው ቤት ሄድኩና ጋሼም ባሉበት አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። «የጥቅምት አቦ፣ እሁድ» ስል እጄን ያዙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ማን ነው እሁድ ያለህ? ሰኞ ነው የዋለው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እሁድማ አስቀድሼ፣ ይኸው ይሄ ሰውዬ አይደል በመኪናው የመለሰኝ? ሊፍቱ የተገተረው በማግስቱ ነው።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ ገባኝ። ያ ዓመት የገባው ጳጉሜ ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ ነበር። እንዲህ ሲሆን ከመስከረም አንድ እስከ የካቲት ሃያ አንድ ድረስ የፈረንጁ ቀን በአንድ ይገፋል። እኔ ሁሉንም እንደ ሌላው ዓመት ቆጥሬ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያሉትን አስራ አንዱንም ቀኖች በአንድ ቀን አስቀድሜያቸዋለሁ።

«ነጠላ ሰረዝ የሚለካ ልጅ» አሉ ጋሼ፣ «ጳጉሜን የሚያህል ነገር ይጥላል!»

ስህተቱ የእኔ መሆኑንና እንዴት እንደተሳሳትኩ በአንድ ገጽ ጽፌ፣ ከታረመው ዝርዝር ጋር ለዳኛዋና ለጠበቃው ላክሁ። ጠበቃው ያነበበው አይመስለኝም።

በአራተኛው ቀጠሮ የጥገና መዝገቡን ይዞ ቀረበ። ዳኛዋ የታረመውን ዝርዝር ከፊታቸው ዘርግተው የመጀመሪያውን ቀን፣ ያንን ሰኞ፣ እንዲያነብ ጠየቁት። አነበበ፦ ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መሃል ቆሟል፣ ቴክኒሻን ተጠርቷል። ሁለተኛውን አስነበቡት። ቆሟል። ሦስተኛውንም። እማማ እንግሊዝኛው ባይገባቸውም የዳኛዋን ብዕር እያዩ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። ጣታቸው አለቀና የጋሼን ጣት ያዙ።

«የኛ ምስክር ሆነ እኮ!» አሉ ጋሼ በሹክሹክታ።

አስራ አንዱም ገጠሙ። የመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ ከብልሽቱ ሌላ አንድ ነገር ተጽፎ ነበር፦ የድሮው ሞተር እንደገና ተጠግኗል። ዳኛዋ ደግመው አስነበቡት። ከዚያ እንደተተኮሰ ሸሚዝ ቀጥ ብሎ የተቀመጠውን ጠበቃ፣ አዲሱ ሞተር የት እንዳለ ጠየቁት። መዝገቡን ማገላበጥ ጀመረ። ይግባኛችን ተቀባይነት አገኘ፤ ጭማሪው ተሻረ። ሊያሰለቸን የጠየቀው ቀጠሮ ለእኔ ስህተቴን የማረሚያ ጊዜ ሰጠኝ፣ እሱን ደግሞ መዝገቡን አስመጣው።

ድምፁን ሳንዘጋ ነው የጮኽነው። እማማ እልል አሉ፣ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ወረወሩ። እማማ ከዚያ ቤት የትም አልሄዱም፤ ኪራያቸውም እንደ ነበረው ነው።

አንድ ነገር ጎድሎኛል። እማማ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው፣ በእጃቸው እያሳዩ፣ ለዳኛዋ የሆነ ነገር ነገሯቸው፣ ዳኛዋም ሳቁ። እኔ እየጮኽኩ ስለነበር አልሰማሁም፤ ያልሰማሁትን ደግሞ አልጽፍም። ሲጠየቁ «ለሷ ነው የነገርኳት» ይላሉ። ጋሼ፣ እርስዎ ከጎናቸው ነበሩ፤ የሰሙትን ይንገሩኝ። አየርላንዳዊው ጎረቤቴ፣ ጋሼ ያስተረጉሙልዎትና እርስዎም ከመስኮቱ በኩል ያዩትን ይጨምሩልኝ፤ ቦታውን ክፍት አድርጌ ትቼዋለሁ።