ሽማግሌ የላክንላቸው ልጆች

ሸዋ ሮቢትን በመኪና መስኮት ብቻ የሚያውቁ ብዙ ናቸው። ወደ ደሴ ሲሄዱ ጣርማ በርን ይወርዱና ጃኬታቸውን ያወልቃሉ፣ ሙቀቱን እያማረሩ ማንጎ ይገዛሉ፣ ያልፋሉ። እኔ የምኖረው እነሱ በማያዩት በኩል ነው፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ድሮ ሽንኩርት ይተከልበት በነበረ መሬት ላይ በተሠራው አዲሱ ሰፈር። ቆርቆሮው ገና አልዛገም፣ ኮብልስቶኑም ገና አልተነቃነቀም። እዚህ ስንገባ ሁላችንም አፋችን ላይ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ ከመንገዱ ግርግር ተገላገልን።

እኔና ታናሽ እህቴ በሰፈሩ መግቢያ ላይ ጁስ ቤት አለን። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሻይ። እህቴ ከእኔ በብዙ ታንሳለች። እናታችን ስታርፍ ገና ትንሽ ስለነበረች ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እህቴም ልጄም ናት። እኔ አፌ አያርፍም፣ እሷ ዝምተኛ ናት። ደንበኛ የሚመጣው በእሷ ሳቅ ነው፣ ሂሳቡን የሚከፍለው ደግሞ በአንቺ ግልምጫ ነው እያለ አባታችን ይቀልድብናል። ለመስከረም ደብረ ብርሃን ሄዳ ነርስነት እንድትማር ተስማምተን ነበር።

ልጆቹ መቼ እንደመጡ በትክክል የሚናገር የለም። መጀመሪያ ከጁስ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ግንባታው ተጀምሮ በቀረ ቤት ደፍ ላይ ሁለት ሦስት ሆነው ይቀመጡ ነበር። ሥራ ፈት ወጣት እዚህ ብርቅ ስላልሆነ ማንም ልብ አላላቸውም። ከዚያ ባጃጆች ሰው ሳያወርዱና ሳይጭኑ ቆም እያሉ መሄድ ጀመሩ። ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ጁስ ያዝዙና ሳይጨርሱ ይወጣሉ። እኔ ደግሞ እጄ የጠፋ መስሎኝ፣ "ምን ጎደለው?" እያልኩ እቆጣቸዋለሁ። አንድ ቀን እህቴ ብርጭቆ ስታጥብ ከሥሩ ያልሟሟ ኪኒን አገኘች። ትራማዶል ነው፤ ለከባድ ሕመም ሐኪም የሚያዘው፣ እኛ ደጃፍ ግን በፍሬ የሚቸረቸረው። ጋንጃውም አብሮት አለ። በተሳቢ ተደብቆ ከአዲስ አበባ ይመጣል የሚሉ አሉ፣ ከታች ከድንበር በኩል ነው የሚሉም አሉ። ለእኔ ልዩነት አልነበረውም።

አለቃቸው የአገራችን ልጅ አይደለም። ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ በዚህ አቧራ ላይ ነጭ ጫማ የሚያደርግ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። ሌሎቹ ሲንጫጩ እጁን ብድግ ያደርጋል፣ ወዲያው ጸጥ ይላሉ። እኔን "እትዬ" ይለኛል፣ እህቴን "እህቴ"። ቢሰድበኝ ኖሮ መልሱ አይጠፋኝም ነበር። ለትሕትና ግን ምን ብዬ ልመልስ?

አንድ ቀን ከሰዓት አንዲት ተማሪ ጠረጴዛችን ላይ ራሷን ደፍታ ተኛች። ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኳት። እህቴ ልትቀሰቅሳት ስትነካት ልጅቷ እንደ ጆንያ ተዘረጋች። አፏ ላይ ነጭ ነገር ወጥቶ ነበር። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናት፣ ተረፈች፣ ወላጆቿ ወደ ዘመድ ወሰዷት። እህቴ ግን ያን ቀን ከጤና ጣቢያ ስንመለስ መንገዱን አቋርጣ ልጆቹ ፊት ቆመች። ዝምተኛዋ እህቴ። "ልትሞት ነበር!" ብላ ጮኸችባቸው። ሌሎቹ ሳቁ። አለቃቸው አልሳቀም። ዓይኑን ከእሷ ላይ ሳያነሳ ቆየ። ያን ጊዜ እንደ ጸጸት ቆጥሬለት ነበር።

ፖሊስ ዘንድ ከጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን ሄድን። እማኝ ሁኑና ፈርሙ ሲባል አንዱ ስልክ ተደወለለት፣ ሌላው ከብቱ ትዝ አለው፣ አንድ በአንድ ሾለኩ። ቀረን እኔና አባቴ። ያኔ ነው አባቴ፣ "ልጆች አይደሉ እንዴ? ሽማግሌ ይናገራቸው" ያለው። እኛ ዘንድ ባልና ሚስት የሚታረቀው በሽማግሌ ነው፣ የወሰን ጠብ የሚበርደው በሽማግሌ ነው፣ ደም እንኳ የሚደርቀው በሽማግሌ ነው። ይህ ከሽማግሌ በላይ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እኔም እንደዚያው። እንዲያውም ደስ አለኝ።

ሦስት ሆኑ። አባቴ፣ የእድራችን ዳኛ፣ እና ማዶ የሚኖሩት ማሾ ነጋዴ ሐጂ። በጁስ ቤታችን ዳስ ሥር ወንበር ደረደርኩላቸው። ልጆቹ ተጠርተው መጡ። ሲገቡ ሁሉም ጎንበስ ብለው ጉልበት ሳሙ። አለቃቸው ወንበር ቢሰጠው እምቢ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ በዚያ ነጭ ጫማ።

ሐጂ ጀመሩ። "ልጆቼ፣ አላህ ቀጥተኛውን መንገድ ይምራችሁ። ይሄ ሥራ ሐራም ነው። የሰው ልጅ እየገደላችሁ ነው።"

"ልክ ነዎት አባባ" አለ አለቃቸው። "እኔ እዚህ አገር የሚቆጣኝ ሰው አልነበረኝም። ዛሬ አገኘሁ።"

አባቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አባቴ እንዲህ ነው፤ ለሰው ልጅ ቶሎ ይሸነፋል። ጥሩ ሰው መሆኑ የሚያናድደኝ አንዳንድ ቀን አለ፣ ያ አንዱ ነበር ብል ግን ውሸት ነው፤ እኔም ሆዴ ባብቶ ነበር።

ከዚያ ልጁ በዚያው ለስላሳ ድምፅ ጠየቀ። "እርቅ ግን ከሁለቱም ወገን ነው፣ አይደለም?"

"እንዴታ" አለ የእድሩ ዳኛ፣ ሥርዓት ማወቁ ስለሚያኮራው።

"እንግዲያው እኛ ከዚህ ደጅ እንነሳለን። ዩኒፎርም ለለበሰ ልጅም አንሸጥም። እናንተ ደግሞ ቅር የሚላችሁ ነገር ሲኖር ሌላ ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት ለእኛ ንገሩን።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እርቅ ሲሆን ሁለቱም ወገን አንዳንድ ነገር ይተዋል፤ የጠየቀው ደግሞ ትንሽ መሰላቸው። መረቋቸው። ልጆቹ "አሜን" ሲሉ ዳሱ ተናጋ። እኔ ማንጎ ጁስ በጆግ ይዤ ወጣሁና ለሁሉም ቀዳሁ።

ቃላቸውን ጠበቁ፤ ክፉው ነገር እሱ ነው። በማግሥቱ ከደጃችን ተነስተው ወደ መስኖው ቦይ ዳር ሄዱ። ዩኒፎርም ለለበሰ አንሸጥም ስላሉ ተማሪዎቹ ቦዩ ጋ ሲደርሱ ሸሚዛቸውን አውልቀው በካናቴራ ይገዛሉ። ይህን በዓይኔ አየሁና ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ለእድሩ ዳኛ ነገረው። የእድሩ ዳኛም ለልጆቹ ሊነግራቸው ሄደ፤ ውሉ እንደዚያ ነዋ። ከመልካም ሰላምታ በቀር ይዞ የመጣው ነገር አልነበረም።

ከዚያ የአንድ ገበሬ የውሃ ሞተር ተሰረቀ። ሰውየው ወደ ፖሊስ ሊሄድ ሲል፣ "መጀመሪያ ለልጆቹ ንገር" ተባለ። ነገራቸው። በዚያው ቀን ሞተሩ ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ሰፈሩ በሙሉ ተገረመ። እኔ፣ "የሰረቀው ካልሆነ ማን እንደዚህ ቶሎ ያመጣዋል?" ብል፣ ሴቶቹ ምቀኛ እንደሆንኩ ዓይነት አዩኝ። ከሞተሩ በኋላ ሁሉም ነገር ወደ ቦዩ ይሄድ ጀመር። ተከራይ አልወጣ ያለው፣ አጥር የተገፋበት፣ ልጁ የተደበደበበት። የእድሩ ዳኛ ሳይቀር ክፍያ ያዘገዩ አባላትን እንዲያስታውሱለት ላካቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያዘገየ የለም። መጀመሪያ "ዱርዬዎቹ" ነበር የምንላቸው። ከእርቁ በኋላ "ልጆቹ" ሆኑ። ክረምት ሳይገባ አንድ ሁለት ሰው "ልጆቻችን" ሲል ሰማሁ።

ፈራሁ። እንዲህ ያለ ፍርሃት አላውቅም ነበር። ከሌባ በር ዘግተህ ትድናለህ፤ እነሱ ግን በምርቃት ነው የገቡት። አንድ ቀን አባቴ ላይ ጮህኩበት። "እናንተ ናችሁ ሹመት የሰጣችኋቸው!" አልኩት። ቆቡን አጥልቆ ወጣ።

አለቃቸው በየቀኑ ጁስ ቤት መምጣት ጀመረ። ብቻውን ይመጣል፣ ማንጎ ያዛል፣ እስከ ጭላጩ ይጠጣል፣ ይከፍላል። ሌላ ደንበኛ እሱ ካለ ደጃፍ ደርሶ ይመለሳል። ለእኔ "እትዬ፣ እንደምን ዋሉ" ይለኛል። እህቴን ግን "እህቴ" ማለቱን ተወ። ስሟንም አይጠራም። ብርጭቆውን ስትሰጠው ብቻ "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል፤ ከዚያ እያያት ይጠጣል። ይህን ያስተዋልኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እህቴ ማንጎውን እኔ እንዳቀርብለት ለመነችኝ።

አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቁርስ ሳንጨርስ፣ በሩ ተንኳኳ። ሐጂና የእድሩ ዳኛ ናቸው። ሌላ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ አብሯቸው አለ። የእድሩ ዳኛ ካፖርት ለብሷል፣ በዚህ ሙቀት። አባቴ ደስ ብሎት፣ "ግቡ፣ ግቡ፣ ቁጭ በሉ" አለ። ገቡ፤ አልተቀመጡም። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩን ተናግሮ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። አባቴ ይህን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔና እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርን። ክንዴን ያዘችኝ።

"ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ብለን መጥተናል" አለ የእድሩ ዳኛ። መሬት መሬት እያየ ነው የሚናገረው።

"የትኛው ልጃችሁ?" አለ አባቴ።

ማንን ማለታቸው እንደሆነ ቤቱ ውስጥ ያለን ሁሉ አውቀናል።

"ሐጂ፣ አንቱም?" አለ አባቴ።

"ላከን" አሉ ሐጂ። እኒያ በገበያ መሐል ሲናገሩ ነጋዴ ሁሉ የሚያዳምጣቸው ሰው፣ እንደ ተማሪ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ነበር። አዘንኩላቸው፣ ደግሞም ጠላኋቸው።

አባቴ የቀረውን አንድ መሣሪያ ተጠቀመ፤ ቀጠሮ ጠየቀ። ከዘመድ ልማከር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አለ። ይህ ደግ ልማድ ነው፣ ማንም አይከለክልም። ሽማግሌዎቹ እፎይ ያሉ መሰለኝ። ሲወጡ ሐጂ ጫማቸውን የሚያስተካክሉ መስለው ወደ ኋላ ቀሩና ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ቀጠሮውን አትጠብቁ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ዛሬውኑ አውጧት።"

አልተከራከርንም። አባቴ እህቴን ግንባሯን ሳማት፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ሻንጣ ያስጠረጥራል ብዬ ሁለት ቀሚስ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ከላዩ ፓፓያ አደረግኩበትና ዕቃ የምናደርስ መስለን ወጣን። ደብረ ብርሃን የእናታችን እህት አለች። ዳገቱን ወጥታ ጣርማ በርን ካለፈች በኋላ ሌላ አገር ናት፣ ብርድ ነው፣ ማን ያውቃታል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። መንገድ ላይ ማንም አላስቆመንም። ቦዩ ዳር የተቀመጡት ልጆች ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ "እንደምን አረፈዳችሁ" አሉን።

መናኸሪያው እንደ ወትሮው ነበር። ጩኸት፣ ሽንኩርት፣ የናፍጣ ሽታ። አንድ ሚኒባስ ለደብረ ብርሃን እየጫነ ነው፤ ሹፌሩ ደንበኛችን ነው፣ ከካራቆሬ በተመለሰ ቁጥር ፓፓያ ሳይጠጣ አያልፍም። አምላኬን አመሰገንኩ። እህቴን ወደ በሩ ገፋ አድርጌ፣ ለእሷ ልከፍል ቦርሳዬን ከፈትኩ።

"የእሷ ተከፍሏል" አለኝ።

ሰው ለሰው መክፈል እዚህ የተለመደ ነው፤ ዘመድ ያገኘ፣ ጎረቤት ያየ ይከፍላል። ማን እንደከፈለ አልጠየቅኩም። እጄ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ሹፌሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጠዋት በማለዳ መጥቶ ለሁላችንም ነገረን። እሷ ከመጣች፣ ዛሬም ይሁን ነገ፣ ማንም እንዳያስከፍላት አለ። ስትደርስም የሚቀበላት ሰው አለ፤ ብቻዋን እንዳትጉላላ።" ዓይኔን ማየት አልቻለም። "እኔ ምን ላድርግ እትዬ? ልጆች አሉኝ።"

ጠዋት በማለዳ። ሽማግሌዎቹ ገና የእኛን ቤት ሳያንኳኩ ማለት ነው። አባቴ ቀጠሮ እንደሚጠይቅ፣ ሐጂ እንደሚራሩልን፣ እኔ ወደዚህ እንደምሮጥ አስቀድሞ አውቋል። ለሁሉ ነገር መልስ የማላጣው ሴትዮ ቆሜ ቀረሁ። አልጮህኩም፣ አልተሳደብኩም።

እህቴ አንድ እግሯን የሚኒባሱ መወጣጫ ላይ እንዳደረገች ሁሉንም ሰምታለች። ወደ ውስጥ አየች። ውስጥ ያሉት ተሳፋሪዎች ሴቶችና ገበሬዎች ነበሩ፤ ሁሉም ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ከዚያ ፌስታሉን ከእጄ ወሰደች።

"እዚህ ከሆንኩ ቢያንስ የሚጠብቀኝን ሰው ፊት አውቀዋለሁ" አለች፤ እግሯን ከመወጣጫው አነሳች።

ሹፌሩ ቦታዋን ለሌላ ሰው ሰጠና በሩን ዘጋ።