እናቴ ጫማዋን ያወለቀችበት ቅዳሜ

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩት ልጆች ጠዋት ጠዋት ይዘላሉ። ጎረቤቶቼ ጣራውን በመጥረጊያ እንጨት እየነረቱ «ኧረ ጤና ስጡን!» ይሏቸዋል። እኔ ግን መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳርፋለሁ። ንዝረቱ በክንዴ አልፎ ደረቴ ውስጥ ሲገባ የረጠበ ሣር ይሸተኛል፤ ያን ጊዜ ያደግኩባት ከተማ፣ መቱ ነኝ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው፤ ትምህርት ቤታችን የሣር ክዳኑን አውልቆ ቆርቆሮ የለበሰ ሰሞን። ያኔ ክፍል በዕድሜ አልነበረም። የወተት ጥርሱ ያልወለቀ ልጅና ጢም ያወጣ ጎረምሳ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፊደል ይቆጥሩ ነበር። ከአዲስ አበባ የተመደበችልን ወጣት መምህርት ይህን አይታ ሣቀችና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጭፈራ ልታስተምረን በቁመታችን ከፋፈለችን። ከተማው ጉድ አለ። «ደግሞ ለእስክስታ ትምህርት ቤት ይገባል? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ!» ያላለ የለም።

ትንንሾቹ ክብ ሠርተው በጭብጨባ መርገጥ ይማሩ ነበር። እኛን መካከለኞቹን እስክስታ አስያዘችን። «ራሳችሁ ላይ ውሃ የሞላ እንስራ አለ፤ ትከሻ ብቻ ይናገር» ትለን ነበር። እንስራውስ ለእኛ ብርቅ አልነበረም፤ ከወንዝ ስንቀዳ ነው ያደግነው። ትከሻዬ ግን በተነሣ ቁጥር አንገቴ ካልተከተልኩ እያለ ዝናብ የመታው ዶሮ አስመሰለኝ። እሷ ስታሳየን ከወገቧ በታች ንቅንቅ አትልም፤ ትከሻዋ ብቻውን ሕይወት የዘራ ይመስል ነበር። ሰው እንዲህ መሆን ይችላል እንዴ? እያልኩ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ትከሻዬን እዳብስ ነበር።

ለትልልቆቹ ልጃገረዶች የአገሬውን የኦሮሞ ጭፈራ፣ ሲርባውን፣ ሰጠቻቸው። እሷ አታውቀውም። ልጃገረዶቹም በየሰፈራቸው ቢያውቁት፣ መምህርና ሹም በተሰበሰበበት ማውጣቱ አሳፈራቸው። መሪ ጠፋ።

እናቴ እዚያው ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ከሌሎች እናቶች ጋር ስፌት ትማር ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የኖፓ ኦሮሞ ገበሬ ልጅ ናት። አባቴ ደግሞ አያቱ ከሰሜን መጥቶ መቱ የሰፈረ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ኮቱን በፀሐይም በዝናብም የማያወልቅ ሰው ነበር። ቤታችን ውስጥ አማርኛ ብቻ ነበር የሚነገረው፤ እናቴ ኦሮምኛዋን ለገበያና ለፍየሎቿ አስቀርታው ነበር። ከበሮው በተመታ ቁጥር ግን መርፌዋ ይቆማል፣ ከአግዳሚው ሥር እግሯ ይነሣል። መምህርቷ አየቻት።

«እትዬ፣ እግርዎ አጋለጠዎት። ይምሩልኝ።»

«ኧረ ተይኝ ልጄ፣ እኔ ከረሳሁት ስንት ዘመኔ።»

አልረሳችውም። የዚያኑ ዕለት ምሳ ላይ፣ ለአባቴ ወጥ እየጨመረች፣ «ልጆቹን ላሳያቸው ይሆን?» አለች፤ ልክ ስለ ጨው የምትጠይቅ መስላ። አባቴ ቀና ሳይል «የጸሐፊ ሚስት አደባባይ ወጥታ ጨፈረች ቢባል፣ ነገ በየትኛው ፊቴ ነው ባለጉዳይ የማነጋግረው?» አላት። እሷም «እውነትዎን ነው» ብላ ጭልፋውን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ በረንዳው ላይ ስትቀመጥ እግሮቿን ቀሚሷ ውስጥ አጥፋ ትሰበስባቸው ነበር።

የወላጆች በዓል በሰኔ አንድ ቅዳሜ ዋለ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ፣ ሜዳው ጭቃ ጭቃ ይሸት ነበር። ሹማምንቱ ከፊት፣ አባቴ ከእነሱ ጥግ ጃንጥላውን ይዞ፣ እናቴ ከጎኑ እሱ የገዛላትን ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ ተቀምጠዋል። የገበያ ቀን ስለነበር ከአጥሩ ውጭ ማርና ቅቤ የተሸከሙ ሴቶች ቆመው ያያሉ። ትንንሾቹ አጨበጨቡ። እኛም እስክስታችንን ወረድን፤ አንገቴ ያን ቀን ታዘዘኝ። ከዚያ ትልልቆቹ ወጡ።

መሪ ሲጠፋ አውጪ የተደረገችው ልጅ የመጀመሪያውን ስንኝ አለች። ተቀባዮቹ አንገታቸውን ደፉ። ደግማ አለች፤ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ከበሮው ብቻውን ቀረ። ከሹማምንቱ አንዱ ሣቀ። መምህርቷ ፊቷ ደም መሰለ።

መልሱ ከወንበሮቹ መካከል መጣ። እናቴ ነበረች፤ ገና እንደተቀመጠች። በሕይወቴ ያን ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም፤ ወፍራም፣ ከሩቅ ተራራ የሚጠራ ዓይነት። አባቴ ዞር ብሎ አያት። እሷ ግን አላየችውም። ጫማዋን አወለቀች፣ ሣሩ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠችና ወጣች።

ምን ልበላችሁ! በእግሯ መሬቱን ስትመታ ንዝረቱ በውስጥ እግሬ ገባ። ትነሣለች፣ ትወርዳለች፣ ግጥሙን ትወረውራለች፤ ልጃገረዶቹ ከኋላዋ ድምፃቸው ተከፈተ። ከአጥሩ ውጭ ያሉት ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው እየተቀበሉ በአጥሩ ክፍተት ገቡ። ይህች ሽንኩርት ስትከትፍ የማውቃት ሴት ማናት? ፈራኋት፣ ኮራሁባትም። ስንት ዓመት ይህን ሁሉ ይዛ እንዴት ዝም አለች?

ዝናቡ ያን ጊዜ ወረደ። ሹማምንቱ ወደ በረንዳው ሮጡ። አባቴም ተነሣ፤ ጥሏት ሊሄድ መሰለኝ። ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ፤ ጎንበስ ብሎ ጫማዋን ከሣሩ ላይ አነሣ። ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ጫማውን ከሥሩ ይዞ፣ ጭፈራው እስኪያልቅ እዚያው ቆመ። ግማሽ ትከሻው ከጃንጥላው ውጭ ነበር፤ ያ ኮት በዝናብ በሰበሰ።

ወደ ቤት ስንሄድ እሷ በባዶ እግሯ ጭቃውን እየረገጠች፣ እሱ ጫማዋን እንደያዘ ከፊቴ ሄዱ። ይቆጣታል ብዬ ስጠብቅ፣ በቀስታ «ባሬዱ ኮ» አላት። የእኔ ቆንጆ ማለት ነው። አባቴ በፍርድ ቤት ከባለጉዳይ ጋር ኦሮምኛ እንደሚናገር ሁላችን እናውቃለን፤ ለእሷ ሲናገር ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እናቴ ቆመች። በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፤ ዝናቡን ይሁን ሌላ አላውቅም። ከዚያ በዚያው ቋንቋ መለሰችለት፣ እሱም መለሰላት፣ እየተሳሳቁ ዳገቱን ወጡ።

መምህርቷ በቀጣዩ ዓመት ተዛወረች፤ እናቴም ዳግመኛ በአደባባይ ስትጨፍር አላየኋትም። ዛሬ አባቴም እናቴም አፈር ናቸው። ያን ቀን ዳገቱ ላይ የተናገሩትን ሁሉ መስማት እችል ነበር፤ ቋንቋው የእኔም ነው። ግን እንዳልሰማቸው ብዬ ዝናቡ ውስጥ ቀስ አልኩ፣ ወደ ኋላም ቀረሁላቸው።